ክኒን ሲቀየር መልክ ይናገራል

የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ሲቀየር ሰውነት አንዱን ለምዶ ሳያበቃ ሌላውን እንደገና መልመድ ይጠበቅበታል። አዲሱ ክኒን እንደ አሮጌው ቫይረሱን አፍኖ ይይዛል፤ ለውጡ የሚሰማው ሌላ ቦታ ነው፤ እንቅልፍ ላይ፣ ሆድ ላይ፣ እግር ላይ፣ ቆዳ ላይ፣ ወገብ ላይ። በትልቅ ከተማ ይህ የታካሚውና የሐኪሙ ጉዳይ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት፣ ከማክሰኝት አልፎ አዲስ ዘመን ሳይደረስ በምትገኘው እንፍራንዝ ግን መልክ የጎረቤት ጉዳይ ነው። ማን ከሳ፣ ማን ጠቆረ፣ ማን ድንገት ወፈረ የሚለው ከቡናው ስኒ ጋር አብሮ ይዞራል። እንደዚህ ባለ ቦታ የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት አንዴ በሰውነት፣ አንዴ በሰው ዓይን ያማል።

ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ገዝቶ መዋጥ የሚችለው ጥቂት ነበር፤ ሌላው ጥሪቱን እየሸጠ የሚችለውን ያህል ይገፋ ነበር። በነፃው ዘመን መጀመሪያ በብዛት ይሰጡ ከነበሩት አንዱ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን በአንድነት የተሠሩበት፣ ጧትና ማታ የሚዋጥ ክኒን ነው። በቃሬዛ የመጣ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ በእግሩ ሄዶ ቀጠሮውን ያከበረው በእንዲህ ያለ መድኃኒት ነውና ውለታው አይካድም።

ችግሩ ስታቩዲን ላይ ነበር። ይህ መድኃኒት የቫይረሱን መባዛት ሲያግድ፣ የሰው ሴል ጉልበት የሚያመነጭባቸውን ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎችም አብሮ ይጎዳል። ጉልበት ያነሰው ሴል መጀመሪያ የሚያቃስተው ረጃጅሞቹ ነርቮች ላይ ነው፤ ረጅሙ ነርቭ ደግሞ እግር ጫፍ የሚደርሰው ነው። ሌሊት እግር ፍም እንደ ረገጠ ይቃጠላል፤ ጣት ይደነዝዛል፤ ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ቢወልቅ ባለቤቱ አያውቅም። ቀጥሎ ስብ ከቦታው መሸሽ ይጀምራል። ጉንጭ ይሰረጉዳል፣ ጭንና መቀመጫ ይሟሽሻል፣ የክንድ ደም ሥር ገመድ መስሎ ይወጣል፤ ሆድና ማጅራት ደግሞ በተቃራኒው ይወፍራሉ። በምርመራ ቫይረሱ የማይታይበት፣ ማሳውን የሚያርስ፣ ልጁን የሚያስተምር ሰው ፊቱ ብቻ ታማሚ ሆኖ ቀረ። ክኒኑን እንስራ ሥር መደበቅ ይቻላል፤ ጉንጭን የት ይደብቁታል? መድኃኒቱ በሽታውን እየያዘ በሽተኛውን ያጋልጥ ነበር።

በጣና ዙሪያ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ እግር ሲያም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። ይህ ጥቁር አፈር የጓያ አገር ነው። ዝናብ ሲቀርና ቤተሰብ ወራት ሙሉ ጓያ ብቻ ሲበላ የሚመጣውን የእግር ሽባነት የማያውቅ አዛውንት የለም። ሁለቱ ሕመሞች ግን አይመሳሰሉም። ጓያ የመታው እግር ይገተራል፤ ሰውየው በጣቶቹ እየቆመ፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ፣ በዘንግ ይሄዳል፤ እግሩ ላይ ማቃጠልም መደንዘዝም እምብዛም የለበትም። ክኒን የጎዳው እግር አካሄዱ ለሩቅ ተመልካች ደህና ነው፤ ስቃዩ ውስጥ ለውስጥ ነው። ልዩነቱን ያወቀ ጤና ባለሙያ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ «ይገተራል ወይስ ያቃጥላል?» በዚህ ላይ ሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል የሚሰጠው አይሶናያዚድም ነርቭ የመጉዳት ባሕርይ አለው። ፓይሪዶክሲን የሚባለው ቫይታሚን ቢ6 አብሮት የሚታዘዘው ለዚህ ነው፤ ታካሚው «ይቺ ትንሿ ምን ትሠራለች» ብሎ የሚተዋት ክኒን ብዙ ጊዜ እሷው ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት ስታቩዲን ቀስ በቀስ እንዲቀር የመከረው በኅዳር 2002 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ታካሚው ወደ ዚዶቩዲን ወይም ወደ ቴኖፎቪር ተሻገረ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ መድኃኒት መቀየር ጉዳቱን ያቆመዋል እንጂ የሄደውን ሁሉ አይመልስም። የእግር ማቃጠሉ ለብዙዎች ቀነሰ፤ የጉንጩ ስብ ግን በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ያን ዘመን ያለፉ ሰዎች ዛሬም ፊታቸው ላይ ይዘውት ይሄዳሉ።

ዚዶቩዲንም የራሱ ምልክት ነበረው። ጥፍር ላይ ጥቁር ሰንበር ያሰምራል፤ ይህ የሚያሳፍር እንጂ የሚጎዳ አይደለም። የሚጎዳው ደም ማነሱ ነው። አቀበት ሲወጡ ልብ መምታት፣ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ መድከም፣ የዓይን ሽፋን ውስጡ መንጣት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው የደሙ መጠን፣ ማለትም ሄሞግሎቢኑ፣ ብዙ ጊዜ ከቆላው ሰው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ለቆላ «ደህና» የሆነ ቁጥር ለጎንደር ደገኛ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ኔቪራፒን ደግሞ ቆዳና ጉበት ላይ ይበረታ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በግማሽ መጠን ነበር የሚጀመረው። ሽፍታው ከትኩሳት፣ ከአፍ ቁስልና ከዓይን መቅላት ጋር ከመጣ ሰዓት የማይሰጥ አደጋ ነው፤ ይህ ለየትኛውም መድኃኒት ይሠራል።

ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት በቀዳሚነት የመከረው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ኢፋቪሬንዝ ያሉበት፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ሆነ። ቀኑን ሰላም የሚያደርግ፣ ሌሊቱን የሚያውክ መድኃኒት ነበር። ኢፋቪሬንዝ ወደ አንጎል ይዘልቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሰከረ ያህል ያዞራል፤ ሕልምን ያበዛል፤ ሕልሙም ጥርት ያለ፣ ባለ ቀለም፣ ከነቁ በኋላ የማይለቅ ነው። የሞተ ዘመድ ይመጣል፣ ገደል ይታያል፣ ጅብ ያባርራል። ለአብዛኛው ሰው በአራት ሳምንት ውስጥ ይረግባል። ለአንዳንዱ ግን ጭንቀትና የመሞት ሐሳብ ድረስ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለው «ይለመዳል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ክኒኑ በመኝታ ሰዓት የሚዋጠው ለዚህ ነበር፤ ማዞሩ እንቅልፍ ላይ እንዲያልፍ። ቅባት የበዛበት ምግብ ደግሞ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ ማዞሩን ያባብሳል። ሁለት ወር የጾመ ሰው የፋሲካ ዶሮውን በቅቤ በልቶ ወዲያው ክኒኑን ሲውጥ ያች ሌሊት ለምን እንደከበደችው የሚነግረው ላያገኝ ይችላል።

ቅዠት በዚህ አገር ባዶ ቃል አይደለም። ሌሊት እየጮኸ የሚነሳ ሰው ቤተሰቡ «መንፈስ ነው» ይላል፤ መንፈስ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ወደ ጸበል ነው። ጸበል መጠመቁ ጉዳት የለበትም፤ ጉዳቱ የሚመጣው «ክኒንና ጸበል አይስማሙም» ተብሎ ክኒኑ ሲጣል ነው። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ምእመናን መድኃኒቱንና ጸበሉን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ መናገራቸው ትልቅ ዋጋ ነበረው። ሆኖም ቃሉ ገጠር እስኪደርስና እያንዳንዱ አጥማቂ ተቀብሎት እስኪናገር ዓመታት ወስዷል።

ለምን አንዱን አቅዠቶ ሌላውን እንደማይነካው የሚገልጸው ነገር የተገኘው ጉበት ውስጥ ነው። ኢፋቪሬንዝን የሚያብላላው ሲዋይፒ2ቢ6 የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ይህን የሚያዘው ዘረ መል በአንዳንድ ሰው ላይ ቀርፋፋ ሆኖ ይወረሳል። ቀርፋፋው ዓይነት ኢትዮጵያውያን ላይ ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ቀርፋፋውን ዘረ መል የወረሱ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ደም ውስጥ መድኃኒቱ ከፍ ብሎ እንደሚገኝና ጉበታቸውም ይበልጥ እንደሚጎዳ ታይቷል። «እኔን ብቻ ለምን?» ብሎ ያፈረ ሰው መልሱ ከእናቱና ከአባቱ የወረሰው ጉበት ነው፤ የእምነት ማነስም የአእምሮ ድካምም አይደለም።

ከዚያ ዶሉቴግራቪር መጣ። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ለድሆች አገሮች ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ያሉበት ክኒን ለአንድ ሰው በዓመት 75 የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንዲሸጥ ስምምነት ተደረሰ። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ቀዳሚው መድኃኒት ይሁን አለ፤ ኢትዮጵያም ታካሚዎቿን ማሻገር ያዘች። ጤና ባለሙያው «ቲኤልዲ» ይለዋል፤ ታካሚው «አዲሱ» ይለዋል፤ ዓመታት ቢያልፉም አዲሱ ነው። ቫይረሱን በፍጥነት ያወርዳል፣ ቫይረሱም በቀላሉ አይላመደውም፤ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ መሆኑ አያከራክርም። በመካከሉ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ከቦትስዋና አንድ ማስጠንቀቂያ ተሰምቶ ነበር፤ በፅንሰት ወቅት ዶሉቴግራቪር ይወስዱ ከነበሩ እናቶች የተወለዱ ጥቂት ሕፃናት ላይ የአከርካሪ ሰርሰር ጉድለት ታየ። በዚህ የተነሳ በብዙ አገሮች በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ከለውጡ ወደኋላ ቀሩ። ጥናቱ በብዙ ሺህ ወሊዶች ሲሰፋ ልዩነቱ እየጠበበ ሄዶ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር ተቀራረበ። ዛሬ ለሴቶችም፣ ለነፍሰ ጡሮችም ይሰጣል፤ ለሕፃናትም በውሃ የሚሟሟ 10 ሚሊ ግራም ክኒን አለ።

የአዲሱ መድኃኒት የመጀመሪያ ሳምንታት ምን እንደሚመስሉ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ማንኛውም የኤአርቲ ክፍል ውስጥ ጧት ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ማየት ይቻላል። ሰው ነጠላውን እስከ ዓይኑ ድረስ ተከናንቦ ይገባል። ጠረጴዛው ላይ የቀጠሮ መዝገብ፣ ጥግ ላይ ሚዛን፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ ነጫጭ የፕላስቲክ ብልቃጦች አሉ። አንዲት እድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ።

«ልጄ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ዶሮ ሲጮህ ዓይኔ እንደተገለጠ ነው።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወስዱት፣ እናቴ?»

«በድሮው ሰዓቴ ነዋ። ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ልተኛ ስል።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች። ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። ለዓመታት «በመኝታ ሰዓት፣ ሳታዛንፉ» ተብሎ የተነገረው ለኢፋቪሬንዝ ነው፤ ያኛው ያደነዝዛልና። ዶሉቴግራቪር አንዳንዱን ሰው የሚያነቃ መድኃኒት ነው። ክኒኑ ሲቀየር ሰዓቱ ለምን እንደነበረ ስላልተነገራቸው ሴትየዋ ሰዓቱን በታማኝነት ጠበቁት። መፍትሔው ወደ ጧት ማዛወር ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽም በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ። ኢፋቪሬንዝ ከደም ቶሎ የማይወጣ መድኃኒት በመሆኑ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ማዞር የአዲሱ ሳይሆን የተሰናባቹ ሊሆን ይችላል። አዲሱ በአሮጌው ጥፋት ይከሰሳል።

ጧት የሚለው ምክር ጾም ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። ቅዳሴ እስኪያልቅ አፉ ላይ ውሃ የማያደርግ ሰው ማለዳ ክኒን ዋጥ ቢባል እሺ ብሎ ይሄድና ቤቱ ሲደርስ ይተወዋል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ነፃ ታደርጋለች፤ ሁሉም ግን ነፃ መደረጉን አይፈልግም፤ የማይጾም ሰው ደግሞ በጎረቤት ዘንድ «ምን ሆኖ ነው?» ያስብላል። ዶሉቴግራቪር በባዶ ሆድም ከምግብ ጋርም ሊዋጥ ይችላል፤ ስለዚህ ጾሙ የሚፈታበት 9 ሰዓት ዓመቱን በሙሉ ቋሚ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ረመዳን የሚጾም ሙስሊምም በስሑር ወይም በኢፍጣር ሰዓት ሊያደርገው ይችላል። ዋናው ነገር ሰዓቱ በየቀኑ አንድ መሆኑ ነው፤ የትኛው ሰዓት እንደሆነ ለመድኃኒቱ ለውጥ የለውም።

ከምግብ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ከሌላ ክኒን ነው። ጨጓራ የሌለበት ሰው በዚህ አገር ጥቂት ነው፤ ማግኒዥየም ወይም አልሙኒየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ ከየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ ይገዛል። እነዚህ ማዕድናት ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ አሥረው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የደም ማነስ ክኒን፣ ማለትም ብረት፣ ካልሲየምም እንዲሁ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ዶሉቴግራቪር ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይዋጣል፤ ብረትና ካልሲየም ከምግብ ጋር ሲሆኑ አብረውት ሊዋጡ ይችላሉ። ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሪፋምፒሲን የጀመረ ሰው ደግሞ ዶሉቴግራቪርን በቀን ሁለቴ እንዲወስድ ይደረጋል፤ ሪፋምፒሲን ቶሎ ስለሚያስወጣው ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው ባለሙያው ነው፤ ከታካሚው የሚጠበቀው ምን ምን እንደሚወስድ አንድ ሳያስቀር መናገር ነው። የሚቀረው ግን ያው የጨጓራው ነው፤ እንደ መድኃኒት አይቆጠርማ።

አሁን ወደ ወገብ። የዶሉቴግራቪር ምልክት ውፍረት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አድቫንስ በተባለው ጥናት፣ በ96 ሳምንት ኢፋቪሬንዝ የወሰዱት በአማካይ 2 ኪሎ ገደማ ሲጨምሩ፣ ዶሉቴግራቪርን ከተለመደው ቴኖፎቪር ጋር የወሰዱት 4 ኪሎ ገደማ፣ ከአዲሱ የቴኖፎቪር ዓይነት ጋር የወሰዱት ደግሞ 7 ኪሎ ገደማ ጨምረዋል። ሴቶች ላይ ይበልጣል። ዶሉቴግራቪር ያወፍራል ወይስ ኢፋቪሬንዝ ያከሳ ነበር? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ጥናት ኢፋቪሬንዝን ቀስ ብለው የሚያብላሉት፣ ማለትም መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ የሚጠራቀመው ሰዎች፣ ክብደት አልጨመሩም ማለት ይቻላል። ከነሱ ላይ ኢፋቪሬንዝ ሲነሳ ሰውነት ተጭኖ የነበረውን ያህል ይነሳል። ሌሊት ያቃዠው ዘረ መል ቀን ደግሞ ያከሳ ነበር ማለት ነው።

ይህ ውፍረት በእንፍራንዝ ዓይን ምን ይመስላል? በረከት ይመስላል። ለዓመታት ጉንጭ መሰርጎድ በሚያስጠቁምበት አገር የሞላ ፊት ነፃ የሚያወጣ ምስክር ነው። «ተስማማሽ»፣ «ምን በላሽ እቴ፣ አማረብሽ» ይባላል። ማንም ሰው ይህን ምስጋና የጎንዮሽ ጉዳት ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ አይወስደውም። ነርሷም ሚዛኑን አይታ ደስ ይላታል፤ የተማረችው ክሳትን መፍራት ነውና። በዚህ መካከል ደም ግፊት ሳይለካ፣ ስኳር ሳይመረመር ዓመት ያልፋል። አሮጌዎቹ መድኃኒቶች የሚጎዱትን ያሳዩ ነበር፤ አዲሱ የሚጎዳ ከሆነ በሙገሳ ተሸፍኖ ነው።

ስኳሩ ስጋት ብቻ አይደለም። በኡጋንዳ ካምፓላ ወደ ዶሉቴግራቪር ከተሻገሩ ከ3 ሺህ 4 መቶ በላይ ታካሚዎች መካከል 16ቱ በወራት ውስጥ ደማቸው ውስጥ ስኳር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ዶሉቴግራቪር በማይወስዱት ላይ ግን ከሞላ ጎደል ያልታየ ነገር ነው። ጎንደር ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላም አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች፣ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙን ጨምሮ፣ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት በዙሪያው ገጠር ያገኙት የስኳር ሕመምተኛ በመጽሐፍ የሚታወቀው ወፍራም ከተሜ አይደለም፤ ቀጭን፣ ድሃ፣ ወጣት ገበሬ ነው። ስለዚህ እዚህ «አልወፈርኩምና አያሰጋኝም» አይሠራም። ስኳር ከፍ ሲል ውሃ ጥም ይበዛል፣ ሌሊት ለሽንት መነሳት ይበዛል፣ ሰውም ይከሳል። የከሳ ሰው ደግሞ በዚህ አገር ስለ ስኳር አያስብም፤ «አዲሱ መድኃኒት አልሠራም፣ ቫይረሱ ተመለሰ» ይላል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። አንዲት የጣት ጠብታ ደም የምትመልሰው ጥያቄ በሐሜት ይመለሳል። ስኳሩ ከተገኘና ሜትፎርሚን ከታዘዘ ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ስለሚያከማቸው መጠኑ በአብዛኛው በቀን ከ1 ሺህ ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይደረጋል። አዲሱ መድኃኒት ክሬያቲኒን የሚባለውንም የኩላሊት ቁጥር በመጀመሪያው ወር ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሳይሆን ክሬያቲኒን የሚወጣበት በር ስለሚጠብ ነው። ቴኖፎቪር ግን ኩላሊትን በእርግጥ ሊነካ ስለሚችል ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራ ብሎ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የተሸጋገሩት ደግሞ ሌላ ቀለም ይጠብቃቸዋል። አታዛናቪር ቢሊሩቢን የሚባለውን ቢጫ ነገር ጉበት እንዳያጣራው ስለሚከለክል የዓይን ነጩ ቢጫ ይሆናል። በሰፈር ይህ «የወፍ በሽታ» ነው፤ ታማሚው ቅጠል ይጨመቅለታል፣ ክኒኑን እንዲተው ይመከራል። አታዛናቪር የሚያመጣው ቢጫነት ብቻውን ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን የእውነተኛው የጉበት ሕመም ቢጫነትም ቢጫ ነው። ሽንት ጠላ ከመሰለ፣ የቀኝ ጎን ከታመመ፣ ማስታወክ ከመጣ መመርመር እንጂ መገመት አይበቃም። ሎፒናቪር ደግሞ በተቅማጡ ይታወቃል፤ ርቆ በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ሰው የጉዞውን ቀን ክኒኑን የሚዘልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ርቆ መሄዱ ራሱ የዚህ ታሪክ አካል ነው። ከትንሽ ከተማ የሚነሳ ብዙ ታካሚ መድኃኒቱን በሰፈሩ ጤና ጣቢያ አይወስድም፤ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ይሄዳል። ኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሕክምናው ለሰመረላቸው ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት መጀመሯ ለእንዲህ ያሉት እፎይታ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ያ አሠራር ሕይወት አድኗል። ጉዳቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ ክኒን ይዞ የሄደ ሰው የጎንዮሽ ጉዳቱ በሁለተኛው ሳምንት ይመጣበታል፤ ቀጠሮው ግን በስድስተኛው ወር ነው። መድኃኒት የተቀየረለት ሰው የመጀመሪያው ቀጠሮው አጭር መሆን የሚገባው ለዚህ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5 ሺህ ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። ክኒን የሚያድል ሰው በሌላ ሠራተኛ ሊተካ ይችላል፤ «እንዴት አደርሽ፣ ሕልሙ ቀነሰልሽ?» ብሎ የሚደውል ሰው ግን ሲሄድ በቀላሉ አይተካም።

ያ ድምፅ ሲጠፋ ታካሚው የሚያደርገው በራሱ ማቆም ነው፤ ከጉዳቶቹ ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የጉበት ቫይረስ የሆነውን ሄፓታይተስ ቢንም የሚያፍኑ ናቸው፤ ሁለቱም ቫይረስ ያለበት ሰው ክኒኑን ድንገት ሲጥል ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል። አንድ ቀን የረሳ ሰው ባስታወሰ ጊዜ ይውጣል እንጂ በሚቀጥለው ቀን ሁለት አይደርብም። የክኒኑ ቀለምና ቅርጽ መቀየርም ብቻውን የመታመም ስሜት ሊያመጣ ይችላል፤ የሕንድ ፋብሪካዎች አንዱን መድኃኒት በተለያየ መልክ ስለሚሠሩ ብልቃጡ ሲለወጥ «ሌላ ሰጡኝ» የሚል ጥርጣሬ ይነሳል፤ ጥርጣሬው ሆድ ያውካል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ስም ከድሮው ጋር አስተያይቶ ማሳየት ያንን ያወርደዋል።

ብልቃጡ ራሱ አንድ ነገር አለው፤ ይንኳኳል። ሚኒባሱ ጉድጓድ ሲያገኝ ክኒኖቹ ቦርሳ ውስጥ ሲጮሁ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ከመናኸሪያ ጀርባ ቆሞ፣ ክኒኖቹን ወደ ፌስታል ገልብጦ፣ መቀነቱ ውስጥ ቋጥሮ፣ ብልቃጡን ወደ ቦይ የሚወረውር ሰው አለ። ፌስታል ውስጥ ላብና እርጥበት ያገኘው ክኒን ይለሰልሳል፣ ይሸራረፋል። ብልቃጡ ውስጥ የምትቀመጠው ትንሽ ከረጢት እርጥበት የምትመጥ ናት፤ አትበላም፣ አትጣልምም። ታካሚው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ የሚያግዙ አንዳንድ አድሂረንስ ሰፖርተሮች የሚያስተምሩት ዘዴ ቀላል ነው፤ ብልቃጡን ሳይገለብጡ አፉ ላይ ንጹህ ጥጥ መጠቅጠቅ። ድምፁ ይጠፋል፤ ክኒኑ ይቀመጣል።

ጉዳቱን የሰማ ባለሙያ ደግሞ የሚሞላው ወረቀት አለ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ ለጤና ተቋማት ያሠራጫል፤ በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማንም ሰው ማሳወቅ ይችላል። ቅጹ ላይ የታካሚው ስም በምሕፃረ ቃል ነው የሚሰፍረው፤ የሚፈለገው ዕድሜ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መቼ እንደተጀመረ፣ ምን እንደታየና ምን እንደተደረገ ነው። ከተሻገሩ በኋላ የሚደረገው የቫይረስ መጠን ምርመራ ክኒኑ መሥራቱን ይነግራል፤ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ማቅለሽለሹንና የወገቡን መስፋት የሚነግር ግን ይህ ቅጽ ነው፤ እሱም ታካሚው ከተናገረ።